«ልፈታህ ነው!» «መቼ አገባሁሽና!»

ያለ ሰማንያ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት አብረው የኖሩ ጥንዶች ጠብ ከሌላው ባልና ሚስት ጠብ የሚለይበት ነገር አለ። ባለ ሰማንያዎቹ ሲጣሉ የሚጠሩት ሽማግሌ፣ የሚጠቅሱት ውል አላቸው። እነዚህ ግን በወጉ መጣላት እንኳ አልተቻላቸውም። እሷ «ልፈታህ ነው!» ስትል እሱ «መቼ አገባሁሽና!» ይላታል። እሱ «ውጪልኝ!» ሲላት እሷ «ሚስትህ መሰልኩህ እንዴ የምታዝዘኝ?» ትለዋለች። ከዚያም እራት ደርሷልና ሁለቱም ከአንድ መሶብ ይቀርባሉ።

በጥርባና በአካባቢዋ ያደግን ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ቤት እናውቀዋለን። ድንቹ ጨው በዛበት፤ ጃንጥላውን ማን ረስቶት መጣ፤ ከሰሉን ዝናብ ያስመታው ማነው? ዋናው ጠብ ግን ስለ ፈረሱ ነው። ሁለቱ ዲከረንስ ተክለው፣ ከሰል አክስለው፣ በሸጡበት ገንዘብ የተገዛ ፈረስ ነው። ጥር 23 ለእንጅባራው የፈረሰኞች በዓል ተሸልሞ ሲወጣ «የእኔ ፈረስ!» የሚለው እሱ ነው። ክረምቱን ሙሉ ሣር አጭዳ ያበላችው እሷ ደግሞ «እስቲ ጥራውና ይምጣልህ» ትለዋለች። ፈረሱም ዘወር ብሎ የሚያየው እሷን ነው። ሠፈሩ ይሥቃል፤ እኛም አብረን እንሥቃለን።

ነገር ግን «ፈረሱ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የሣቅ ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ያለውን አብሮ መኖር ቢያውቀውም፣ የጋራ ንብረት አያስገኝም ይል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ለወጠው፤ ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው ከሦስት ዓመት ላላነሰ ጊዜ የኖሩ ሰዎች በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የጋራቸው ነው አለ። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 የራሱን የቤተሰብ ሕግ ስላወጣ፣ የጥርባ ሰው መብቱን የሚፈልገው ከዚያ ላይ ነው።

የ1992ቱ ሕግ ጥንዶቹ «ባልና ሚስት ነን» ብለው ለሰው እንዲናገሩ አይጠይቅም፤ አኗኗራቸው የተጋቡ ሰዎችን አኗኗር መምሰሉ ይበቃዋል። እንግዲህ በድንች ጨው ዐሥር ዓመት ከመጨቃጨቅ የበለጠ ትዳርን የሚመስል ምን አለ? ጎረቤት በግድግዳ የሰማው ንትርክ አንድ ቀን ምስክርነት ሊሆን ይችላል።

ሆኖም ምስክር ያረጃል፤ ይሞታል፤ ለዘመዱም ያደላል። ሰውዬው የሞተ እንደ ሆነ፣ ትናንት «እትዬ» ሲሏት የነበሩት የእሱ ወገኖች «ሠራተኛው ነበረች» ለማለት አይቸገሩም። በአገራችን ሴት በደመወዝ ተቀጥራ እንደ ሚስት የምትኖርበት «የደመወዝ» ጋብቻ የሚባል ልማድ ስለ ነበረ፣ «ደመወዟን በልታለች» የሚለው ክርክር ከአፍ የራቀ አይደለም። ያን ጊዜ ፈረሱ ይነዳል፤ ሣር አጫጇ ባዶ እጇን ትቀራለች።

«ታዲያ ለምን አይጋቡም?» የሚሉን አሉ። መልካም ነው። ብዙውን ሰው የሚያስፈራው የድግሱ ወጪ ይመስለናል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለመጋባት ግን ሕጉ ጠላና ጠጅ አይጠይቅም። መጋባቱን የማይሹትም ቢሆኑ፣ በፍቅር ሳሉ የጋራ የሆነውን በወረቀት አስፍረው በምስክር ፊት ይፈርሙ። ከመካከላችን ሕግ የሚማሩትም ለዕረፍት ወደ አገራቸው ሲገቡ ይህን ለጎረቤት ቢያስረዱ፣ ከብዙ ንግግር የሚበልጥ አገልግሎት ነው።

ጠባቸውንስ ይቀጥሉ፤ ማንም አይከለክላቸውም። ስለ ጨው እንዳሻቸው ይነታረኩ፤ የፈረሱ ነገር ግን ከወዲሁ ይለይ።