መናፈሻ የመኪና ማሳበሪያ አይሁን



በምርጫ ወቅት ስለ ዳቦ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ሥራ አጥነት መነጋገር ተገቢ ነው፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ ሌሎች ገጾች አቋማችንን ገልጸናል። እዚህ የምናነሣው ብዙ ፓርቲዎች ንቀው የሚያልፉትን ጉዳይ ነው። ልጆቻችን የሚሯሯጡበት፣ አዛውንቶቻችን አረፍ የሚሉበት ጥቂት አረንጓዴ ቦታ ለመኪና መተላለፊያነት መዋል የለበትም እንላለን።

ጉዳዩን ለመረዳት ሁለት ዓይነት መኪና መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ወደ መናፈሻው የሚመጣው ነው፤ አቅመ ደካማ እናቱን ያሳፈረ፣ ሙሽሮችን ለፎቶግራፍ ያመጣ፣ ለሻይ ቤቱ የለስላሳ ሣጥን የሚያራግፍ። ሁለተኛው ከመናፈሻው ምንም ጉዳይ የለውም፤ ዋናው መንገድ ስለተጨናነቀ በዚያ በኩል አሳብሮ መውጣት ብቻ ነው የሚፈልገው። የመጀመሪያው ቀስ ብሎ ገብቶ ይቆማል። ሁለተኛው ጊዜ ለመቆጠብ የገባ ነውና ይፈጥናል። አስተዳደሩ ሁለቱን ሳይለይ ሲቀር፣ ወይ ሁሉንም ከልክሎ አካል ጉዳተኛውን ይበድላል፣ ወይ ሁሉንም ፈቅዶ መናፈሻውን ያጠፋል።

በዚህ ረገድ የሌሎች አገሮች ልምድ ጠቃሚ ነው። በአሜሪካ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ ጎልደን ጌት በተባለው ትልቅ መናፈሻ ውስጥ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ስም የሚጠራ መንገድ አለ። ይህ መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ እሑድ እሑድ ለመኪና ይዘጋ ነበር። በሌሎቹ ቀናት ግን ከሚያልፉበት መኪኖች አብዛኞቹ መናፈሻውን ለማቋረጥ ብቻ የሚገቡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ሲገባ ሳምንቱን ሙሉ ተዘጋ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የከተማው ምክር ቤት መዘጋቱን አጸና። ነገሩ በዚህ አላበቃም። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሁለት ተቃራኒ ሐሳቦች በአንድ ምርጫ ለሕዝብ ቀረቡ፤ አንዱ መኪናው ይመለስ፣ ሌላው መንገዱ ለእግረኛና ለብስክሌት ይቅር የሚሉ። ከመቶው ከስድሳ በላይ የሚሆነው ድምፅ ሰጪ መንገዱ ለሰው ይቅር አለ። ተቃውሞውም መሠረት የሌለው አልነበረም። በመናፈሻው ውስጥ የሚገኝ ሙዚየምና የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቾች እንዴት እንድረስ ብለው ጠይቀዋል፤ የከተማው አስተዳደርም የአካል ጉዳተኞች መኪና ማቆሚያና በመናፈሻው ውስጥ በነጻ የሚያመላልስ አውቶቡስ በማቅረብ መልስ ለመስጠት ሞክሯል። «ፀረ ልማት» ተብሎ የተፈረጀ ሰው የለም።

በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ደግሞ በ1960ዎቹ በእረፍት ቀናት የተጀመረው መዝጋት ወደ ሙሉ ክልከላ የደረሰው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጅቷል። እኛ ያን ያህል እንጠብቅ አንልም፤ ነገር ግን በአንድ ሌሊት ትእዛዝ የሚደረግ ነገር እንዳልሆነም እንረዳለን።

የሚያስጠነቅቅም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 በዚያው በሳን ፍራንሲስኮ የባሕር ዳርቻ መንገድ ወደ መናፈሻነት እንዲለወጥ በሕዝብ ድምፅ ሲወሰን፣ መኪናው ወደ ደጃችን ይዞራል ያሉት የአቅራቢያው ሰፈር ነዋሪዎች ክፉኛ ተቆጡ። ሐሳቡን የደገፈውን የምክር ቤት ተወካያቸውንም በቀጣዩ ዓመት ድምፅ ሰጥተው ከወንበሩ አነሡት። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 መራጩ አመኔታ ያጣበት የምክር ቤት አባል ከቦታው ሊነሣ እንደሚችል ይደነግጋል። የእኛ እጩዎች በዚሁ ለመዳኘት ዝግጁ ናቸው።

ወደ ራሳችን ከተሞች እንመለስ። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» ተብሎ አንዳንድ ጎዳናዎች በወር አንድ እሑድ ለመኪና ዝግ መሆን ሲጀምሩ ሕዝቡ ደስ ብሎት ወጥቷል። ገዢው ፓርቲ ያደረገውን በጎ ነገር በጎ ማለት አያሳፍረንም። በኋላም የእንጦጦና የወዳጅነት ፓርኮች ተከፍተዋል፣ በኮሪደር ልማቱም ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ተሠርተዋል፤ ብዙዎች ያለ በቂ ምክክር ከኖሩበት ሰፈር መነሣታቸውን ግን ልንረሳ አንችልም። ለአብዛኛው ነዋሪ፣ በተለይም በክልል ከተሞች፣ የቅርብ መናፈሻው ዛፍ የተመናመነበት የሰፈር ሜዳ ነው። ዋናው መንገድ ሲታፈን መኪናውም ባጃጁም በሜዳው ዳርና በኮብልስቶኑ ያሳብራል። የሜዳው ባለቤት ማን እንደሆነ የሚነግር ሰሌዳ እንኳ የለም። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው፤ በከተማይቱ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው።

በመሆኑም ፓርቲያችን ከተመረጠ፣ በመናፈሻም ሆነ በሰፈር ሜዳ ውስጥ የሚያልፍ መንገድ መሐሉ ላይ እንዲቆረጥ ያደርጋል። መኪና ከሁለቱም ጫፍ ገብቶ በመጣበት ይመለሳል፤ ሰንጥቆ ማለፍ ግን አይችልም። ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና የሚከፈት ሰንሰለት ይኖራል። ይህ የውጭ ብድር የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ ጥቂት የድንጋይ ችካልና የአበባ ገንዳ ይበቃዋል። አንድ ሰው ገና በወረቀት ላይ ሳለ ሊያስቆመው የሚገባው ደግሞ አዲሱ መንገድ ነው፤ ስለዚህ በከተማ ፕላን ላይ መናፈሻን የሚሰነጥቅ መንገድ እንዳይሰመር በምክር ቤት ደንብ እናስወጣለን።

አፈጻጸሙ ከእሑድ ይጀምራል። ለስድስት ወር እሑድ እሑድ ተዘግቶ፣ በዙሪያው ባሉ መንገዶች የሚያልፈው መኪና ይቆጠራል፤ ቁጥሩም በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። መኪናው ወደ ጎረቤት ሰፈር የዞረ እንደሆነ እዚያም ፍጥነት መቀነሻ ይሠራል። የታክሲና የባጃጅ መሥመር የሚነካ ከሆነ ምትክ ማቆሚያ ሳይዘጋጅ ምንም አይዘጋም፤ የሾፌሩና የረዳቱ እንጀራ ነውና። ከስድስት ወር በኋላ የአካባቢው ነዋሪ ድምፅ ይሰጣል፣ ምክር ቤቱም በግልጽ ስብሰባ ይወስናል፤ የትኛው አባል እንዴት እንደመረጠ በስም ይመዘገባል።

እጩዎቻችን በዚህ የቅስቀሳ ወቅት በየወረዳው እየዞሩ መኪና የሚያሳብርባቸውን መናፈሻዎችና ሜዳዎች እየመዘገቡ ነው። በሰፈራችሁ ያለው እንዳይዘለል ስሙንና ቦታውን ንገሯቸው።