ኪሎ ሜትር ወጪ አይደለም

እኔና ሸሪኬ በአንድ ወር ሒሳብ ምክንያት ልንለያይ ነበር። ከሐዋሳ ሞያሌ የምንመላለስበት ፒክአፕ የጋራችን ነው። የምነዳው እኔ ስለሆንኩ ነዳጅና ጥገናውን ከኪሴ እከፍልና በወሩ መጨረሻ ከጋራ ካዝናችን ይተካልኛል። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ የእኔና ስልኬ ላይ የጫንኩት መንገድ ቆጣሪ አፕ።

በዚያ በ2024 (እ.ኤ.አ.) በነበረው ወር ሦስት ጊዜ ሞያሌ ደርሼ ተመልሻለሁ። በዲላና በያቤሎ በኩል አንድ ጉዞው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሦስቱ ደርሶ መልስ 3,000 ይሆናል። ከተማ ውስጥ የዞርኩት ሲጨመር የመኪናው ቆጣሪ 3,300 አሳየ። አፑ ግን 4,039 አለኝ። ትንሽ በዝቷል ብዬ አለፍኩት። አጠገቡ 2,706 የሚል የገንዘብ ዓምድም ነበር። ሒሳብ ሠራተኛችን ፋይሉን እንዳለ ወደ ፒችትሪ አስገባችው፤ የነዳጅ ደረሰኞቼንም እንደ ሁልጊዜው ለብቻ መዘገበች። ሸሪኬ የተሽከርካሪ ወጪውን ሲያይ ዝም አለ። ከሁለት ቀን በኋላ «ይቺ መኪና ናፍጣ ነው የምትጠጣው ወይስ ዶላር?» አለኝ። ሳቅ አልነበረበትም።

ቁጭ ብለን ስናየው ሦስት ስህተት ተደራርቧል።

4,039ኙ ኪሎ ሜትር ሳይሆን ማይል ነው። አፑ የአሜሪካ ስለሆነ ካልቀየሩት በቀር በማይል ይቆጥራል፤ አንድ ማይል ደግሞ 1.609 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር 6,500 ኪሎ ሜትር ነበር። መኪናው 3,300 ሄዶ አፑ እንዴት 6,500 ይላል? ሞያሌ ላይ መኪናውን ግቢ አቁሜ በእግሬ ተሻግሬ፣ ሁለት ጊዜ በአውቶቡስ ናይሮቢ ሄጃለሁ። ያ በአንድ አቅጣጫ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አፑ የሚከተለው ስልኩን እንጂ መኪናውን አይደለም። ማርሳቢትን በአውቶቡስ መስኮት እያየሁ ሳልፍ እሱ ፒክአፑን «ይነዳ» ነበር።

የገንዘቡ ዓምድ ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው። አፑ ያባዛው የአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት ለ2024 በደነገገው የአንድ ማይል ሒሳብ ማለትም በ67 ሳንቲም ዶላር ነው። እዚያ አገር ያ ቁጥር ነዳጅን፣ ጥገናን፣ ኢንሹራንስንና የመኪናውን እርጅና አጠቃሎ የያዘ ስለሆነ፣ በእሱ የሚጠቀም ሰው የነዳጅ ደረሰኙን ደግሞ አይደምርም። እኛ ያንን ዓምድ ከነደረሰኞቻችን ስናስገባ አንዱን ናፍጣ ሁለት ጊዜ ከፈልነው ማለት ነው፤ ያውም በሰው አገር ተመን። ይህ በሸሪኮች መካከል ሌብነት ይመስላል፤ በኦዲት ጊዜ ደግሞ ማስረጃ የሌለው ወጪ ሆኖ ይወድቃል።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው። ከአፑ ወደ ሒሳብ መዝገብ መሻገር ያለበት ቀኑ፣ ከየት ወዴት እንደተሄደ፣ ምክንያቱና ኪሎ ሜትሩ ብቻ ነው። ብር ከደረሰኝ ይምጣ። የኪሎ ሜትር ሥራ ወጪውን ማካፈል ነው። የዚያን ወር የናፍጣ፣ የዘይት፣ የጎማና የሌላው ድምር 49,500 ብር ነበር እንበል። ለ3,300 ሲካፈል በኪሎ ሜትር 15 ብር ይመጣል። ለንግድ የሄድነው 3,100 ከሆነ 46,500 ብሩ የንግድ ወጪ ነው። 200 ኪሎ ሜትሩ ልጆች ለማድረስና ለገበያ ከሆነ 3,000 ብሩ በእኔ የግል ሒሳብ ይያዛል። ኬንያ ውስጥ የተመዘገበ ንግድ ያላችሁም ብትሆኑ እዚያ የሚጠየቀው ደረሰኙ ነው፤ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወዲህ ወጪን ከታክስ ለማስቀነስ በመሠረቱ የኢ-ቲምስ ደረሰኝ ያስፈልጋል።

«አፑን በቀጥታ ከሶፍትዌሩ ጋር አገናኘውና ተገላገል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ለአሜሪካ ነጂ ይሠራ ይሆናል። ድንበር ለሚሻገር ነጋዴ ግን አልመክርም። ቀኑን ብቻ እንይ። አፑ 05/08/2024 ብሎ ሲጽፍ ሜይ 8 ማለቱ ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 30። ቀንን የሚያስቀድም ኤክሴል ግን ኦገስት 5 ብሎ ያነበዋል፤ ሐምሌ 29 መሆኑ ነው። የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ስለሚዘጋ አንዱ ጉዞ ወደሚቀጥለው ዓመት ዘለለ። 05/18 ሲሆን ደግሞ አሥራ ስምንተኛ ወር ስለሌለ ኤክሴሉ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል፤ በወር ስትደምሩ ድምጽ ሳያሰማ ይጎድላል። ኬንያ ያለው ሒሳብ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ሲሆን ምን ያህል እንደሚምታታ አስቡት። ቀጥታ ግንኙነት ይህን ሁሉ ማንም ሳያየው ያሻግረዋል።

እኛ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እንሠራዋለን፤ ሻይ እስኪቀርብ ያልቃል። ፋይሉን ከአፑ አውርጄ የገንዘቡን ዓምድ እሰርዛለሁ፣ «በምን ተሄደ» የሚል ዓምድ እጨምርና አውቶቡሱን አወጣለሁ። ከዚያ የመኪናውን ቆጣሪ ፎቶ አንስቼ ለሸሪኬ በቴሌግራም እልካለሁ። ድምሩ ከፎቶው ጋር ካልተቀራረበ ፒችትሪ ውስጥ አይገባም። ኔትወርክ በጠፋበት መንገድ አፑ ስለሚዘል ጥቂት ኪሎ ሜትር ይለያያል፤ ያን ጊዜ የምናምነው መኪናውን ነው። ዓመቱ ሲዘጋ አንድ ላይ እሠራዋለሁ የሚል ካለ፣ ከአሥር ወር በፊት ሜጋ ላይ ለምን ሦስት ሰዓት እንደቆመ ያስታውስ እንደሆነ ይጠይቅ ራሱን።

አንድ ያልተስማማንበት ቀርቷል። ባለፈው ወር ያቤሎ ያለ ደንበኛችን አባቱ ሞተው ለቅሶ ደረስኩ። ሸሪኬ «ደንበኛችን ባይሆን ትሄድ ነበር?» እያለ ጉዞውን በንግድ ያዘው ይለኛል። እኔ ደግሞ ለቅሶን በንግድ ወጪ መጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። መስመሩ እስካሁን ባዶ ነው።