እኛማ ለምደነዋል!

«ከለምጻችሁ ጋር መኖርን ልመዱ» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይወርድብናል። እኛማ ለምደነዋል! ፀሐይ ነጣ ያለውን ቆዳ ቶሎ እንደምታቃጥል፣ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ እንደሚያሻን ጠንቅቀን እናውቃለን። ያልለመደውስ ምሁር ነኝ ባዩ የመኝታ ክፍል ጓደኛችን ነው። ጉርሻችንን ላለመቀበል «ጠግቤያለሁ» ይለናል፤ ከሌላው ጋር ግን እንደገና ይበላል። ባዮሎጂ ተፈትኖ ያለፈ እኮ ነው!

ለመሆኑ ምናችንን ፈራ? ለምጽ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሕዋሳት ጠላት መስለውት ሲያጠፋቸው ነው። በመጨባበጥም፣ በመጎራረስም፣ አንሶላ በመዋዋስም አይተላለፍም። በዓለም ላይ ከ0.5 እስከ 2 በመቶ የሚገመት ሕዝብ አለበት።

ጣጣው ከቃሉ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ ዘሌዋውያን 13 ላይ፣ ከሰፈር ውጭ እንዲቀመጥ የተፈረደበት ሰው ደዌ «ለምጽ» ተብሏል። ስለዚህ እስከ ዛሬ ከሥጋ ደዌ ጋር ያምታቱናል። ያ ሌላ ነው፤ መንስኤው ኖርዌያዊው ሃንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. ያገኘው ባክቴሪያ ነው። (እሱም ቢሆን ዛሬ በመድኃኒት ይድናል፤ በሽተኛውን ማግለል እዚያም ነውር ነው።)

እንግዲህ ተራው የእናንተ ነው፣ ወንድሞችና እኅቶች። ነገ ምሳ ላይ ከትሪው ዙሪያ ቦታ ይዘን እንጠብቃችኋለን፤ «ጠግቤያለሁ» አይሠራም።