ሰርቨርን የሚያፈጥነው የቅንብር ዝርዝር አይደለም፤ ለተለመደ አስተያየት የተሰጠ ምላሽ

ሊኑክስ ወይም ሌላ የዩኒክስ ዝርያ የሚሠራበት ሰርቨር ሲንቀራፈፍ ከባለሙያ አፍ ቀድመው የሚወጡት ምክሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ሜሞሪ ጨምርበት» የሚል ነው። ሁለተኛው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የኖረ የከርነል ቅንብር ዝርዝር ነው፤ ስዋፒነስን 10 አድርግ፣ ይህን አጥፋ፣ ያንን አብራ እያለ ይቀጥላል። ከሁለቱም ምክሮች ሥር አንድ እምነት አለ፦ ፍጥነት የማሽኑ ጠባይ ስለሆነ በአንድ ቦታ የሠራ ቅንብር በሌላውም ይሠራል። የምከራከረው ከዚህ እምነት ጋር ነው። ፍጥነት ማሽኑና የሚሠራው ሥራ ሲገናኙ የሚገኝ ውጤት ነው፤ ሥራው ሳይታወቅ የተነካ ቅንብር ቢጠቅም በአጋጣሚ ነው።

እምነቱ ያለ ምክንያት አልተፈጠረም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በቢኤስዲ ዩኒክስ «ማክስዩዘርስ» የሚባል ቁጥር ነበር። የፕሮሰሶችና የክፍት ፋይሎች ሠንጠረዥ ስፋት የሚሰላው ከእርሱ ስለነበር፣ ቁጥሩ ካነሰ ማሽኑ ሜሞሪ እያለውም አዲስ ሥራ አይቀበልም ነበር። በሶላሪስ ላይ ደግሞ ትልቅ ዳታቤዝ የሚተክል ሰው የጋራ ሜሞሪውን ጣሪያ በእጁ ከፍ ያደርግ ነበር። የዚያ ዘመን ባለሙያ ዝርዝር ይዞ መዞሩ ትክክል ነበር። የዛሬው ሊኑክስ ግን ከእነዚህ መጠኖች ብዙዎቹን ሲነሣ ባገኘው ሜሞሪ ልክ ራሱ ይወስናል፤ የቲሲፒ ቋቶችንም በሥራ ላይ እያለ ያሰፋል፣ ያጠብባል። ምክንያቱ አልፎ ልማዱ ቀርቷል።

ለምላሼ ዋናውን ማስረጃ የማገኘው እዚሁ ኢየሩሳሌም ውስጥ ነው። በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር የሆኑት ድሮር ፋይትልሰን ከተለያዩ አገሮች ትልልቅ ኮምፒውተሮች የተገኙ እውነተኛ የሥራ መዝገቦችን ሰብስበው ለተመራማሪዎች ክፍት አድርገዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት መጽሐፍም የኮምፒውተርን የሥራ ጫና እንዴት መለካትና መግለጽ እንደሚገባ የሚያስተምር ነው። ከዚህ የምርምር ዘርፍ ሁለት ነገሮችን ለክርክሩ እወስዳለሁ። የመጀመሪያው፣ ጥቂት ከባድ ሥራዎች አብዛኛውን የፕሮሰሰር ጊዜ ስለሚወስዱ አማካይ ቁጥር ያሳስታል። ሁለተኛው፣ ጫናው የቀንና የሳምንት ዑደት አለው፤ ተጠቃሚውም ሰርቨሩ ሲዘገይ ትቶ ይሄዳል፣ ሲፈጥን ተጨማሪ ሥራ ይልካል። ሌሊቱን ሙሉ እኩል ጥያቄ በሚተኩስ መሞከሪያ የተገኘ «ምርጥ ቅንብር» ከዚህ ሕይወት ጋር አይተዋወቅም።

የሳምንቱ ዑደት በኢየሩሳሌም ለምንሠራ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የተለየ ትርጉም አለው። በእስራኤል ዓርብና ቅዳሜ ዕረፍት ስለሆነ፣ ሙሉ መጠባበቂያ ቅጂን ቅዳሜ ላይ ማስያዝ ለአገሩ ባለሙያ ተገቢ ውሳኔ ነው። በዚያው ሰርቨር ላይ ግን በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ጎዳና ያለችውን የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያንንና የዴር ሱልጣን ገዳምን አገልግሎት ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከዋሽንግተን የሚከታተል ምእመን አለ እንበል። በቅዳሜ ሹር፣ የከተማው ቢሮ ሁሉ በተዘጋበት ሰዓት፣ የእኛ ጫና ከዓመቱ ሁሉ ከፍ ይላል። መጠባበቂያው ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያነብ በሜሞሪ ካሽ ውስጥ የነበሩትን ገጾች ያስወጣል፤ ጎብኚው የጠየቀው ሁሉ እንደገና ከዲስክ መነበብ ይኖርበታል፣ ዲስኩ ደግሞ ተይዟል። ይህን የሚፈታ መስመር በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። የሚፈታው የክሮን ሰዓቱን ማዛወር ነው፤ ያም የቀን መቁጠሪያችንን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። የሰዓት ለውጡም ይታሰብ፦ በእስራኤል በጋ ኢየሩሳሌምና አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ናቸው፣ በክረምቷ እስራኤል ሰዓቷን ስትመልስ አዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች።

ዝርዝሩ ጉዳት ማድረሱን ለሚጠራጠር አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። «ቲሲፒ ቲደብሊው ሪሳይክል» የተባለው ቅንብር ለዓመታት በየዝርዝሩ አናት ላይ ይቀመጥ ነበር። ተስፋው የተዘጉ ግንኙነቶች ቶሎ እንዲለቀቁ ነው። አሠራሩ ግን ከእያንዳንዱ የውጭ አድራሻ የመጣውን የመጨረሻ የጊዜ ማኅተም አስታውሶ፣ ከዚያ ያነሰ ማኅተም የያዘ አዲስ ጥያቄ ሲመጣ መጣል ነበር። በሞባይል ኔትወርክ የሚገቡ ብዙ ሰዎች ደግሞ አንድ የውጭ አድራሻ ይጋራሉ፣ የየስልኩ የጊዜ ማኅተም ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ አንዱ ሲገባ ሌላው ያለ ምንም መልእክት በር ላይ ይቀር ነበር። ሰርቨሩ ላይ የተለመዱት ቁጥሮች ሰላም ይመስላሉ፣ የተጣለው ሰው ወደ ውስጥ ስላልገባ በእነርሱ አይቆጠርምና። ቅንብሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሊኑክስ 4.12 ተነቅሎ ወጣ። ተጠቃሚያችን በአብዛኛው በስልክ የሚገባ ስለሆነ ይህ ስሕተት ከማንም ይልቅ እኛን ይነካ ነበር።

«እንለካለን እኮ» የሚሉም አሉ፤ ቶፕን ከፍተው ሎድ አቨሬጁን አይተው ፕሮሰሰር አነሰ ይላሉ። በሊኑክስ ላይ ግን ይህ ቁጥር ፕሮሰሰር የሚጠብቁትን ብቻ አይቆጥርም። እ.ኤ.አ. በ1993 ከተደረገ ለውጥ ጀምሮ ዲስክን በመጠበቅ የማይቋረጥ እንቅልፍ ላይ ያሉትንም ይጨምራል። ባለ 4 ኮር ማሽን ላይ 12 ቢነበብ ፕሮሰሰሮቹ ባዶ ሆነው ዲስኩ ብቻ ታንቆ ሊሆን ይችላል። «ነፃ ሜሞሪ» የሚለው መስመር ማነሱም እንዲሁ ነው፤ ሊኑክስ ሥራ ፈት ሜሞሪን ለፋይል ካሽ ያውለዋል፣ መታየት ያለበት «አቬይለብል» የሚለው ነው። ከዚህም የከፋ አለ። ዳን ጻፍሪር፣ ዮአቭ ኤጽዮንና ፋይትልሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት፣ የፕሮሰሰርን አጠቃቀም በየሰዓት ምቱ ብቻ የሚመዘግብ ሲስተም ሊታለል እንደሚችል አሳይተዋል፤ ከምቱ በኋላ ነቅቶ ከሚቀጥለው ምት በፊት የሚተኛ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን እየበላ ዜሮ የተጠቀመ ይመስላል። እንግዲህ መለኪያውም ራሱ መታወቅ አለበት። ከሊኑክስ 4.20 ጀምሮ ያለው የ«ፕሬሸር ስቶል» መረጃ ሥራው ፕሮሰሰርን፣ ሜሞሪንና ዲስክን በመጠበቅ ያጠፋውን ጊዜ ለይቶ ያሳያል፤ ከሎድ አቨሬጅ ይልቅ እርሱን እመርጣለሁ።

ጠንካራው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፦ ሜሞሪ ርካሽ ነው፣ የባለሙያ ሰዓት ውድ ነው። ይህ አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ጥያቄዎች በዘፈቀደ መጥተው በአንድ ተራ የሚስተናገዱ ከሆነ፣ መሣሪያው 50 በመቶ ሲያዝ ጥያቄው ብቻውን ቢሆን ከሚወስደው ጊዜ 2 እጥፍ ይወስዳል፣ 80 በመቶ ሲያዝ 5 እጥፍ፣ 90 በመቶ ሲያዝ 10 እጥፍ። እዚያ የደረሰ ሰርቨር አቅም ይጨመርለት። ግን የትኛው አቅም? ከምላሽ ጊዜው 80 በመቶው የዲስክ ከሆነና ቀሪው 20 በመቶ የፕሮሰሰር ከሆነ፣ በእጥፍ የሚፈጥን ፕሮሰሰር መግዛት የሚያተርፈው 10 በመቶ ብቻ ነው። አንዳንድ ጊዜም ያለውን ማዛወር ይበቃል። በዚያው በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የአምኖን ባራክ ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የገነባው ሞዚክስ የተባለ ሲስተም፣ ሜሞሪ ካለቀበት ኮምፒውተር ፕሮሰሱን በሥራ ላይ እንዳለ አንሥቶ ሜሞሪ ወዳለው ያሻግር ነበር።

ቅንብር መንካት የሚገባበት ቦታ መኖሩን አልክድም። ኢየሩሳሌምና አዲስ አበባ በአየር 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ቀጥ ያለ ገመድ ቢኖር እንኳ ደርሶ መልሱ ከ25 ሚሊሰከንድ አያንስም። ኢትዮጵያ ወደብ ስለሌላት መስመሩ በጎረቤት አገሮች አድርጎ ስለሚዞር ጊዜው ይረዝማል። ደርሶ መልሱ 200 ሚሊሰከንድ ቢሆንና አሮጌ ዝርዝር የላኪውን ቋት በ64 ኪሎባይት ቢገድበው፣ መስመሩ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ቢሆንም አንድ ግንኙነት በሰከንድ ከ2.6 ሜጋቢት ያህል አያልፍም። ጣሪያውን ማንሣት እዚህ ተገቢ ነው፤ ተገቢነቱን የነገረን ግን የተለካው ርቀት ነው።

ስለዚህ ዝርዝር ለሚያዘጋጁ ባልደረቦቼ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን የከርነሉን ቁጥር፣ የሥራውን ዓይነት፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ የተለካውን ሙሉ ሳምንት ጻፉ፤ ሳምንቱም ቅዳሜንና እሑድን ይጨምር። ዝርዝሩ የሚደርሳችሁ ደግሞ ይህ ያልተጻፈበትን መስመር በሰርቨራችሁ ላይ አትጫኑ።