ጦጢትን ተዉልን

ሶደሬ ደርሶ የመጣ ሰው የሚያወራው ሦስት ነገር ነው፤ ስለ ፍል ውሃው፣ ስለ መዋኛ ገንዳውና ስለ ጦጣዎቹ። ስለ ፍል ውሃው ሲያወራ እንደ ሐኪም ያደርገዋል፤ ወገቡን እንዴት እንዳላላለት፣ ጉልበቱን እንዴት እንደፈታለት ይተነትናል። ወደ ጦጣዎቹ ሲደርስ ግን ፊቱ ይፈካል። አዋሽ ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ምሳውን ዘርግቶ ለአፍታ ዘወር ሲል ሙዙ የለም። ዳቦውም የለም። ቀና ቢል ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ የገዛ ሙዙን ፊቱ እየላጠች ታየዋለች። «ጦጣ ባለቤቱን ታስወጣ» ማለት ይኸው ነው። የሚገርመው ግን የተዘረፈው ሰው ታሪኩን እንደ ሹመት ነው የሚያወራው። መርካቶ ላይ ሞባይሉን የተነጠቀ ሰው እንዲህ ሲስቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ጦጣዋን ሶደሬ ላይ ከማየታችን በፊት እናውቃታለን። ምድጃ ዳር፣ በአያቶቻችን አፍ ተዋውቀናታል። እመት ጦጢት አያ ጅቦን ታሞኛለች፤ አንበሳን ታሳስታለች፤ የገበሬውን ማሳ ትገለብጣለች። ትዋሻለች፣ ትፈራለች፣ ሆዷን ትወዳለች። አንዳንዴም በገዛ ብልጠቷ ተጠልፋ ዘጭ ትላለች። ጉልበት የላትም፤ ቀንድ የላትም፤ ዘመድ ባለ ሥልጣን የላትም። ያላት አንድ ምላስና አንድ ጅራት ነው። እኛም እንወዳታለን። በጎነቷን ዓይተን አይደለም፤ ራሳችንን ስለምናይባት ነው።

ታዲያ በዚህች ፍጡር ላይ ጠላት ተነሥቶባታል። ጠላቷ ደግሞ አንበሳ ወይም ጅብ ቢሆን ባልከፋ፤ የተማረው ሰው ነው። እዚያው ሶደሬ አንድ ደህና የለበሰ አባት ከልጁ ጋር ሲነጋገር ሰምቻለሁ።

«አባዬ፣ ጦጢት ጎበዝ ናት አይደል?»

«አይደለችም። ሌባ ናት። ሌባ ጎበዝ አይባልም።»

ልጁ ዝም አለ። አባትየው ልጁን ሥነ ምግባር ያስተማረው መስሎታል። እኔ ግን ልጁ ሌላ ነገር የተማረ ይመስለኛል፤ ደስ ያለውን ነገር ለአባቱ መናገር እንደሌለበት።

ይህ አባት ብቻውን አይደለም። ከኋላው አንድ ሠራዊት አለ። መምህሩ፣ አሳታሚው፣ ገምጋሚው፣ «ለትውልዱ ምን እያወረስን ነው?» እያለ መድረክ ላይ የሚቆዝመው ሁሉ የዚህ ሠራዊት አባል ነው። መጽሐፍ መደብር ግቡና የልጆቹን መደርደሪያ እዩ። በተረቱ ውስጥ አያ ጅቦ ይቅርታ ይጠይቃል። ጦጢት የሰረቀችውን ሙዝ ትመልሳለች። አንበሳ ሁሉንም ሰብስቦ ስለ አንድነት ንግግር ያደርጋል። መጨረሻው ላይ ደግሞ እንደ መድኃኒት ማዘዣ «ከዚህ ተረት ምን ተማርን?» የሚል ተለጥፏል። ምን ተማርን? ማንበብ እንደሚያሰለች ተማርን! ሌላ ምን እንማራለን?

በሽታው የልጆች ብቻ አይደለም። እኛ አገር አንድ ፊልም ወይም አንድ ልብ ወለድ ሲወደስ የሚሰጠው ከፍተኛው ሽልማት «አስተማሪ ነው» የሚል ነው። ዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከተማሪዎቼ ወረቀት ላይ የማላጣው ቃል ይኼ ነበር። ደራሲው እንከን የሌለው ጀግና ከፈጠረ «አስተማሪ»፤ ጀግናው ከጠጣ፣ ከዋሸ ወይም ከፈራ «ለኅብረተሰቡ መጥፎ ምሳሌ»። በደርግ ዘመን ይህ አስተሳሰብ ንድፈ ሐሳብ ሳይቀር ተበጅቶለት ነበር፤ ሶሻሊስታዊ እውነታዊነት ይባላል። ጀግናው ቆራጥ፣ ፊቱ ወደ ፀሐይ የዞረ፣ ሆድ ቁርጠት እንኳ የማይነካው መሆን ነበረበት። ከዚያ ዘመን መጻሕፍት ዛሬ ድረስ እየተፈለገ የሚነበበው የቱ ነው? በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። ዋናው ሰው ፀጋዬ ኃይለማርያም ልቡ ለሁለት የተከፈለ፣ የሚሳሳት፣ የሚወላውል ጋዜጠኛ ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። እነዚያ ፊታቸው ወደ ፀሐይ የዞረ ጀግኖች ግን የት ደረሱ? ስማቸውን የሚያስታውስ እጁን ያውጣ።

«እኛ ኢትዮጵያውያን ጀግና የምንወድ ሕዝብ ነን፤ እንከናም ሰው ባህላችን አይደለም» የሚሉ አሉ። ምነው! የትኛውን ባህል ነው የሚያወሩት? አለቃ ገብረ ሃናን የምንወዳቸው በቅኔና በዝማሜ ሊቅነታቸው ብቻ ነው እንዴ? ሊቅነታቸውማ ትልቅ ነው፤ በልጃቸው ስም የሚጠራው የተክሌ ዝማሜ ከእሳቸው ጋር ተያይዞ የሚነሣው ለከንቱ አይደለም። በአፍ በአፍ ያኖራቸው ግን ምላሳቸውና መሸነፋቸው ነው። አህያ የምትነዳ ሴት አግኝተው «እንደምን ዋልሽ የአህያ እናት» ቢሏት፣ «ደህና ነኝ ልጄ» አለቻቸው ይባላል። ይህ ቀልድ እውነት ይሁን አይሁን ለውጥ የለውም። ሕዝቡ የሚወደውን ሊቅ በአህያ ነጂ ሴት አፍ አሸንፎ፣ ከዚያ ይበልጥ ወደደው። ከ«ፍቅር እስከ መቃብር»ም ቢሆን፣ ዘመድ ያፈረበት፣ አገር እብድ ያለው ጉዱ ካሣ ነው በየጨዋታው የሚነሣው።

ከዚህም ከፍ ልበል። በላዔ ሰብን የማያውቅ የተዋሕዶ ምእመን አለ? 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው። ለተጠማ ድሃ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውሃ ዳነ። ሚዛኑ ላይ 78ቱ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ጥርኙ ውሃ በሌላ ወገን ሲቀመጥ ታሪኩን የሚሰማ ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። ለማን ብሎ? ለሰው በላው! አባቶቻችን ይህን ታሪክ ሲነግሩን «መጥፎ ምሳሌ ነው» ብለው አልፈሩም። ሰሚው ሰው መብላትን እንደማይማርበት ያውቁ ነበር። ሰሚውን ያከብሩት ነበር ማለት ነው። የእኛ ዘመን አስተማሪ ግን አንባቢውን አያምነውም፤ ስለ ጦጣ የሰማ ልጅ ሁሉ ነገ ባንክ የሚዘርፍ ይመስለዋል።

ዓለምም በዚህ ረገድ ከእኛ አያቶች ጋር ነው። ቻይናዎች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ «ጉዞ ወደ ምዕራብ» የሚባል ልብ ወለድ አላቸው። ጀግናው ማን መሰላችሁ? ዝንጀሮ ነው፤ ሱን ዉኮንግ ይባላል። ከሰማይ የአትክልት ስፍራ የዘላለም ሕይወት የሚሰጠውን ኮክ ሰርቆ የበላ፣ በትዕቢቱ 500 ዓመት ተራራ ሥር የተቀበረ፣ ከዚያ ወጥቶ አንድን መነኩሴ ቅዱሳት መጻሕፍት ፍለጋ ወደ ህንድ የሸኘ። መንገዱን ሙሉ ይቆጣል፣ ይኮራል፣ ያሾፋል። አራት መቶ ዓመት አልፎ በእሱ የተሠራ የኮምፒውተር ጨዋታ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ሲወጣ በሦስት ቀን ውስጥ ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። እንግሊዛዊው ቴሪ ፕራቼትም በ1983 እ.ኤ.አ. ሪንስዊንድ የሚባል አስማተኛ ፈጠረ። አስማት የማይሆንለት፣ አደጋ ባየ ቁጥር እግሬ አውጪኝ የሚል፣ ባርኔጣው ላይ «አስማተኛ» የሚለው ቃል እንኳ ከነፊደል ግድፈቱ የተጻፈበት ፈሪ ነው። አንባቢዎቹ አንጀታቸው ይንሰፈሰፍለታል። ስንት ደፋር አስማተኛ በሞላበት ዓለም ለምን ፈሪውን መረጡ? ዘንዶ ሲያይ የሚሮጥ ሰው ውሸት የለበትማ! ማናችን ነን ቆመን የምንጠብቀው?

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልምጣ፤ ቀላል ክርክር አይደለም። «አንተ ተረት ታወራለህ፤ አገር እየተዘረፈች ነው። ሌባን ብልጥ፣ ታማኝን ጅል የሚል ትውልድ የመጣው በጦጢት ፍቅር ነው» ይሉኛል። ሌባ «ብልጥ» እየተባለ መሞገሱ እውነት ነው፤ እኔንም ያንገበግበኛል። ግን ተከሳሿን አሳስታችኋል። ተረቱን ደግማችሁ አድምጡ። ጦጢት ከማን ነው የምትሰርቀው? ከሚበልጣት ነው። ስትሰርቅስ ምን ትላለች? «ራበኝ» ትላለች። መንግሥታዊ ዕቅድ ናት፣ የሕዝብ ጥቅም ናት አትልም። ስትያዝ ትገረፋለች፤ እኛም እንስቅባታለን። የቢሮውን በጀት የሚውጠው ሰው ግን ጦጢት አይደለም። እሱ አያ ጅቦ ነው፤ መጀመሪያ ክስ አዘጋጅቶ፣ ምክንያት ደርድሮ፣ ከዚያ የሚበላው። «አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ» የተባለው ለዚህ ነው። አሁን እዩት እስቲ ይህን ሰው፤ በአደባባይ የሚታየው እንደ ማን ነው? እንደ እንከን የለሽ ጀግና ነው። ፎቶው ተሰቅሎ፣ ንግግሩ ተጨብጭቦለት፣ «አስተማሪ» ተብሎ። ሌቦቻችን ከጦጣ ተረት የወጡ አይደሉም፤ እንከን ከማያውቀው የጀግና ተረት የወጡ ናቸው።

ይህን ሥልጣን ራሱ ጠንቅቆ ያውቃል። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። መድረኩ ላይ የነበሩት እንስሳት ናቸው። መኳንንቱ ግን በእንስሳቱ ውስጥ የሚያውቁትን ሰው አዩ። የፉከራ ተውኔት ቢሆን ኖሮ ማን ያግደው ነበር? ጃኖ ይሸለም ነበር እንጂ።

ሶደሬ ራሷ ምስክር ናት። በ1989 ዓ.ም. 26 የሶማሊያ አንጃዎች እዚያ ተሰብስበው ስምምነት ፈርመው ነበር። ለየወገኑ እንከን የለሽ ጀግና የሆነ መሪ ተቀምጧል፤ ሌላውም ጀግና እዚያ አልመጣም። ስምምነቱ አልጸናም። ጀግና ሁሉ ሲሄድ ጦጣዎቹ ቀሩ። እኛስ ብንሆን ከዚህ በምን እንሻላለን? ለሰው ያለን ስም ሁለት ብቻ ነው፤ ጀግና ወይም ባንዳ። ጀግና ያልነው አንድ ቀን ሲደናቀፍ በነጋታው ባንዳ ነው። መሐል ላይ የሚቀመጥበት ወንበር አላዘጋጀንለትም። ሶደሬ ላይም እንዲሁ ነው የምናደርገው፤ ብስኩት እየወረወርን እናላምዳታለን፣ ከልምዷ ስትመጣ በዱላ እናባርራታለን። የጦጢት ተረት ያንን የመሐሉን ወንበር የሚያሰናዳ ነበር፤ ሰውን ከነጉድለቱ አይቶ፣ ስቆበት፣ ጥፋቱን ጥፋት ብሎ፣ አሁንም የእኔ ብሎ የመያዝ ልምምድ። ይህን ልምምድ ያጣ ሕዝብ ዘወትር ወይ ሲሰግድ ወይ ሲወግር ይኖራል።

ስለዚህ ለደራሲዎቻችን፣ ለአሳታሚዎቻችንና ለወላጆች የምለው አጭር ነው። ጦጢትን አታልብሷት፤ አታሰልፏት፤ ይቅርታም አታስጠይቋት። አያ ጅቦም ጅብ ሆኖ ይቆይ። ተረቱ ሲያልቅ ደግሞ ጥያቄ አትለጥፉበት። ልጁ ይሳቅ። ስቆ ሲጨርስ የሚጠይቀው ጥያቄ ካለ ራሱ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ መልስ ካላችሁ ንገሩት።