የአካባቢያችን የአውቶቡስና የታክሲ ስምሪት በሕዝብ ቁጥጥር ሥር ይዋል



በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙውን ጊዜ የምንለጥፈው ስለ ውኃ ፓምፕ፣ ስለ ጥበቃ ደመወዝና ስለ ቆሻሻ ነው። ዛሬ ግን ከግቢያችን አጥር ውጭ ስላለ ጉዳይ፣ ይኸውም ጧት ከየካ አባዶ ስለሚያወጣንና ማታ ስለሚመልሰን ትራንስፖርት ያለንን አስተያየት ልናሰማ ፈለግን። ይህ የማኅበር ሥራ አይደለም የሚል ካለ፣ ባለፈው ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤው ለምን እንዳልሞላ ያስታውስ። ግማሹ አባል እኮ መገናኛ ሰልፍ ላይ ቆሞ ነበር።

ጧት ከ12 ሰዓት በፊት ከዚህ ግቢ የሚወጡት እነማን ናቸው? የጽዳት ሠራተኞች፣ የቀን ሠራተኞች፣ ጥበቃዎች፣ ተረኛ ነርሶች ናቸው። ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ የሚመለሱትም እነሱው ናቸው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባቡር ጫፉ አያት ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ ያው በጎማ ነው። ማታ መገናኛ ላይ ረዳቱ «አያት ብቻ!» ብሎ ይጭናል። አያት ሲደረስ «አባዶ የሚሄድ ይቀመጥ፣ ሒሳብ!» ይላል። ያው መኪና፣ ያው ወንበር፣ ሁለተኛ ሒሳብ። በወር 26 ቀን የሚሠራ ሰው ማታ ማታ ብቻ እንዲህ መንገድ ቢቆረጥበት 26 ጊዜ ያለ አግባብ ከፈለ ማለት ነው። ባልና ሚስት ከሆኑ 52 ጊዜ። ይህ የጤፍ ገንዘብ ነው፣ የልጅ ደብተር ገንዘብ ነው። አልከፍልም ብላ የወረደች እኅታችንስ? በጨለማ በእግሯ ትመጣለች።

እንግዲህ ሾፌሩን መስደብ ቀላል ነው። እኛ ግን ሾፌሮችም ጎረቤቶቻችን ስለሆኑ ቁጭ ብለን ጠየቅናቸው። የነገሩን ይህንን ነው፦ መኪናው አብዛኛውን ጊዜ የሾፌሩ አይደለም። ለባለቤቱ በቀን የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፣ ነዳጅ ይሞላል፣ ለተራ አስከባሪ ይከፍላል፣ ለረዳቱ ይሰጣል፣ ከዚያ የተረፈው የእሱ ነው። ስለዚህ ባዶ ሆኖ የሄደ አንድ ወንበር ከልጆቹ እንጀራ ላይ ይቀነሳል። ታዲያ እስኪሞላ ቢቆም፣ በግፊያ ሰዓት መንገዱን ቢቆርጥ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሰው ሲሳሳ መኪናውን አቁሞ ቢገባ ምን ይደንቃል? ክፉ ሾፌር የለም አንልም፤ አለ፣ ስሙንም እናውቃለን። ነገር ግን ደጉም ሾፌር በዚህ አሠራር ውስጥ የሚያደርገው ያንኑ ነው።

በ2003 ዓ.ም. ታክሲዎች በመስመር ተመድበው ታፔላ እንዲለጥፉ ሲደረግ ችግሩ የሚቀል መስሎን ነበር። በጥቂቱም ቀሏል። ይሁንና ታፔላው መኪናው የት የት እንደሚሠራ ይናገራል እንጂ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ አይናገርም። ወንበሩ ባዶ ቢሄድ ኪሣራው የማን እንደሆነም አይናገርም። የትራፊክ ፖሊስ ደግሞ በየፌርማታው ሊቆም አይችልም፣ እሱም ሰው ነው። ይህ ግማሽ ቁጥጥር ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሽማግሌዎች «መንግሥት የያዘውንም አይተነዋል» ይሉናል። እውነታቸውን ነው። አንበሳ አውቶቡስ በ1930ዎቹ በጥቂት መኪናዎች ተጀምሮ፣ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የመንግሥት ሆነ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ሸገር መጣ፣ በቅርብ ዓመታትም ሁለቱ በአንድ ድርጅት ተጠቃለሉ። ዋጋው ርካሽ በመሆኑ ስንቱን ደኻ ተማሪ ለወግ ለማዕረግ እንዳበቃ እናውቃለን። ሰልፉንም፣ ግፊያውንም፣ ሳይመጣ የቀረውን አውቶቡስም እናውቃለን። ስለዚህ እኛ የምንለው «መኪናው ሁሉ ይወረስ» አይደለም። ባለቤቱ ማንም ይሁን፤ መስመሩን፣ ሰዓቱንና ዋጋውን ግን የሚወስነው ሕዝቡን ወክሎ የሚጠየቅ አካል ይሁን ነው የምንለው።

ይህን ከራሳችን ያፈለቅነው አይደለም። የአንዲት ጎረቤታችን ልጅ እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ይኖራል፤ በስልክ ያጫወታቸውን ሰምተን ነገሩን አጣራን። እንግሊዞች በ1985 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ሕግ ከጥቅምት 1986 ጀምሮ ከሎንዶን ውጭ ያለውን አውቶቡስ ለኩባንያዎች ለቀቁት፤ ማንም በፈለገው መስመር በፈለገው ዋጋ መሥራት ቻለ። ውጤቱን እኛ ሳንሄድ እናውቀዋለን። ሰው በበዛበት ጎዳና አውቶቡስ በአውቶቡስ ላይ ተደረደረ፣ ትርፍ የሌለው ሰፈር ግን ወይ ያጣ ነበር፣ ወይ ከተማው ገንዘብ እየጨመረ ሰው ይለምንለት ነበር። ሎንዶን ብቻ አልተለቀቀችም፤ እዚያ ኩባንያዎቹ የሚነዱት ከተማው ባወጣው መስመርና ሰዓት በውል ነው። በ2017 ሌሎች ከተሞችም ይህን ማድረግ እንዲችሉ ሕግ ወጣ። የማንቸስተር ከንቲባ በመጋቢት 2021 ውሳኔውን አሳወቁ፤ ሁለት ኩባንያዎች ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ተከራከሩ፣ በ2022 ተረቱ። በመስከረም 2023 ከቦልተንና ከዊጋን ተጀምሮ በጥር 2025 አሥሩም የከተማው አካባቢዎች ገቡበት። አውቶቡሶቹ ቢጫ ናቸው፣ ስሙም ከንብ የተወሰደ ነው፤ ንብ የከተማው ምልክት ነችና። ልብ በሉ፣ ዛሬም የሚነዱት ኩባንያዎች ናቸው። የተለወጠው አዛዡ ነው። ከተማው ሰዓት ያወጣል፣ ታሪፍ ይቆርጣል፣ የትኬቱን ገንዘብ ይቀበላል፤ ኩባንያው ለሠራው ሥራ ይከፈለዋል። ለ37 ዓመት በኩባንያ እጅ ከቆየ በኋላ መመለስ ከተቻለ የኛ ታክሲ ምን ይከለክለዋል?

አገሩ ሌላ ነው፣ ሀብቱም ሌላ ነው ትሉን ይሆናል። ልክ ነው። ከመሠረታዊው ነገር ግን የሚለየን የለም። ሾፌሩ የሚከፈለው በጫነው ጭንቅላት ሳይሆን በተመላለሰበት ጉዞ ቢሆን፣ ማታ አያት ላይ ሰው የሚያወርድበት ምክንያት አይኖረውም። ጧት በ11 ሰዓት ተኩል ስድስት ሰው ብቻ ይዞ ቢነሣም አይከስርም። ጉዞውን ከዘለለ ደግሞ አይከፈለውም፤ ይህ ከቅጣት ይሻላል። እንዲህ ያለው አሠራር ለከተማችንም ባዕድ አይደለም፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማው የግል አውቶቡሶችን ተከራይቶ በድጋፍ ሰጪነት አሰማርቶ አይተናል። (በውል ስንል በምሽት የሚጠራውን «ኮንትራት» ማለታችን አይደለም፣ ያንንስ ለባለጸጎች ትተናል።)

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? ይህ ከባዱ ጥያቄ ነው፣ በነፃ ይሆናል ብለን አናታልላችሁም። የንጋቱና የምሽቱ ጉዞ ከትኬት ብቻ ወጪውን አይሸፍንም። ሆኖም የሕዝብ ገንዘብ ወደ ትራንስፖርት መግባቱ አዲስ አይደለም። የመንግሥት አውቶቡሶች ዋጋ ርካሽ የሆነው በድጎማ ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የታለመ የነዳጅ ድጎማ ሲጀመርም ለሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች እንዲሰጥ ተደርጓል። ያን ጊዜ በዚህ ሰፈር ድጎማ የሚወስደው መኪና ማታ በ2 ሰዓት የት መገኘት እንዳለበት ከነዋሪው ጋር የተነጋገረ አልነበረም። እንግዲህ ገንዘብ ከተሰጠ አይቀር ከሰዓትና ከመስመር ጋር ታስሮ ይሰጥ ነው የምንለው።

በዕቁብና በባንክ ብድር አንድ ሚኒባስ የገዙ ጎረቤቶች እንዳሉን አንረሳም። እነሱ ከዚህ አሠራር የተረጋገጠ ወርኃዊ ክፍያ ሊያገኙ ይገባል፣ ውሉም ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር ብቻ እንዳይሆን እንከራከራለን። በማታ ሁለት ጊዜ ማስከፈል የለመደ ግን ይቀርበታል። ይቅርበት።

በዚህ መሠረት ማኅበራችን ለወረዳውና ለከተማው የትራንስፖርት ቢሮ የሚያቀርበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። የአባዶ–መገናኛ መስመር ለሙከራ ተመርጦ፣ የመንግሥቱም የግሉም መኪና በአንድ የሰዓት ሰሌዳ ሥር ይግባ። የመጀመሪያው መኪና ንጋት 11 ሰዓት፣ የመጨረሻው ማታ 4 ሰዓት ይነሣ። ታሪፉ እስከ መጨረሻው ፌርማታ አንድ ይሁን። የሰዓት ሰሌዳውም በየፌርማታው ይለጠፍ። የነዋሪው ተወካዮች ደግሞ በወር አንድ ጊዜ ከስምሪት ኃላፊዎች ጋር ይቀመጡ።

ባዶ እጃችንን ሄደን «ተቸግረናል» ብንል ግን ወረቀታችን መሳቢያ ውስጥ ያድራል። ስለሆነም ከሰኞ ጀምሮ በየበሩ ጥበቃ ዘንድ ደብተር ይቀመጣል። ስትወጡም ስትገቡም የቆማችሁበትን ሰዓት፣ መኪና ያገኛችሁበትን ሰዓት፣ የከፈላችሁትን ሒሳብና ስንት ጊዜ እንደከፈላችሁ ጻፉ። መጻፍ የማይችሉ እናቶች ለጥበቃው ይንገሩት፣ እሱ ይጽፍላቸዋል። የሾፌር ስምና የመኪና ሰሌዳ አትጻፉ፤ የምንፈልገው ሰዓቱንና ገንዘቡን ነው። ሾፌር የሆናችሁ አባሎችም በበኩላችሁ የቀን ገቢያችሁንና ወጪያችሁን ስማችሁን ሳትጽፉ በፖስታ አድርጋችሁ ለጽሕፈት ቤቱ አስገቡልን፤ የእናንተ ሒሳብ ከሌለበት ጥያቄያችን ጎዶሎ ነው። ደብተሩ አንድ ወር ከሞላው በኋላ ባለው እሑድ በ3 ሰዓት ጧት በጋራ መገልገያ ሕንፃው ተሰብስበን እንደምረዋለን። እስክሪብቶ የምትችሉ ይዛችሁ ኑ፣ የጽሕፈት ቤቱ አልቋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ