እናቴ አስተማሪ ነበረች

 

ዛሬ የማነሣው የሁላችንም ጉዳይ ነው። እናት ስትሞት ማልቀሱን እናውቅበታለን። ሰባቱን ቀን እንቀመጣለን፤ ዘመድ ከቂርያት ጋት፣ ከነታንያ፣ ከአፉላ ይመጣል፤ አልቃሽ ተነሥታ ሙሾ ታወርዳለች፣ የሟችን ዘር ትቆጥራለች፣ ደግነቷን ትናገራለች። ይሄ ወጋችን ነው፣ ይኑርልን። ግን እስቲ በሩ ላይ የቆሙትን የልጅ ልጆች ተመልከቱ። ያዝናሉ፣ ሙሾው ግን አይገባቸውም። የሚቀርላቸው በመቃብሩ ድንጋይ ላይ በዕብራይስጥ የተቀረጸው ስምና ሁለት ቀን ነው። ከሁለቱ አንዱ፣ የልደቱ ቀን፣ በብዙዎቹ እናቶቻችን ላይ ስንገባ በግምት የተሞላ ነው። ታዲያ ያቺ ሴት በዕድሜዋ የሠራችው ሥራ የት ይገኝ?

እናቴ ካረፈች ዓመት ሞላት። የእሷን ነገር የምነግራችሁ የእናንተንም እናት እንድታስቡበት ነው።

እናቴ የቄስ ሚስት ነበረች፤ ሥራዋ ደግሞ አስተማሪነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1956 ከልጆቻችን 27 ወጣቶች ተመርጠው፣ ራዓናና ወደሚገኘው ክፋር ባትያ ለትምህርት መላካቸውን ከእናንተ የምታስታውሱ አላችሁ። ሲመለሱ በየመንደሩ ያስተምሩ ነበር። እናቴ ፊደሉንም አሌፍ ቤቱንም የቆጠረችው አምቦበር ላይ ከነዚያ ከአንዱ ዘንድ ነው። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ሸክላ ሠርታ ትዳራለች እንጂ ትምህርት ቤት የሚልካት ጥቂት ነው። እሷን አባቷ ሰው እየሳቀባቸው ላኳት።

ስታስተምር ፊደልን በተርታ ብቻ አታስቆጥርም ነበር። «በተርታ የሚያነበንብ ልጅ አፉ ነው የተማረው፣ ዓይኑ አልተማረም» ትላለች። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ፣ ከዳር ወደ መሀል እየዘለለች ትጠይቃለች። ጠመኔ ሲያልቅ በከሰል ትጽፋለች። እኔም ግዕዙን ከአባቴ፣ አማርኛውን ከእሷ ነው የተማርኩት።

ቄስ ቤት ነውና ሕጉ ጥብቅ ነበር። ጊዜዋ ሲደርስ ሰባት ቀን ወደ መርገም ጎጆ ትወጣለች። ትምህርቱ ግን አይቋረጥም። ልጆቹ ከድንጋዩ አጥር ወዲህ ተቀምጠው በየተራ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ እሷ ከወዲያ ሆና ትሰማለች። መጽሐፉ እጇ ላይ የለም። አንዱ ሲስት «መለስ በል፣ ሁለተኛው መስመር» ትለዋለች። መጽሐፉን በሙሉ በቃሏ ይዛው ነበር። የጎጆውን ነገር ዛሬ ልጆቻችን በብዙ መልኩ ያነሡታል። እኔ የምነግራቸው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ቀን ልጆችን፣ ማታ በኩራዝ አዋቂዎችን ታስተምር ጀመር። ከማታ ተማሪዎቿ አንዱ አባቴ ነበሩ። ኦሪትን በግዕዝ የሚያነቡ ሰው ናቸው፤ መጻፍ ግን እንደ ብዙ ቄሶች እጃቸው አልለመደም። እጃቸውን ይዛ ያጻፈቻቸው እሷ ናት። ሰው ፊት ግን አንድም ቀን አላነሣችውም።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1991 ዘመቻ ሰሎሞን መጣ። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ሲገባ እኛም አብረን ገባን። ቅጽ ሲሞላ «ሙያ» በሚለው ላይ «የለም» ተብሎ ተጻፈላት። የጠየቃት አልነበረም። ኡልፓን ገባች፤ ሞራዋ የልጇ እኩያ ነበረች። በኋላ ሥራ አገኘች፤ ያውም ትምህርት ቤት ውስጥ። ይሁን እንጂ ሥራው በመጥረጊያና በባልዲ ነበር።

አላማረረችም አልላችሁም፤ አምርራለች። ግን ማታ ማታ ክፍሉን ስታጸዳ፣ በሰሌዳው ላይ የቀረውን ከማጥፋቷ በፊት በደብተሯ ትገለብጠው ነበር። ዕብራይስጡን ከላይ፣ ትርጉሙን በአማርኛ ከሥሩ። ያልገባትን ቃል ታሰምርበታለች፣ ቤት ስትገባ ልጆቿን ትጠይቃለች። እንዲህ እያለች ሦስት ደብተር ሞልታለች። ደብተሮቹ ዛሬ እኔ ዘንድ ናቸው።

በዓመቷ አዝካራ ላይ ለልጅ ልጆቿ አሳየኋቸው። የእሷን ዳቦ ያውቃሉ፣ ነጠላዋን ያውቃሉ፣ ጉልበቷን እንደሚያማት ያውቃሉ። አንዷ ልጅ ደብተሩን ገልጣ ገልጣ «ሳብታ ሞራ ነበረች እንዴ?» አለችኝ። «ነበረች» አልኳት። ከዚያ ስለ ከሰሉ፣ ስለ ድንጋዩ አጥር፣ ስለ ኩራዙ እስከ ማታ ስትጠይቀኝ አመሸች። እኔም ሁሉንም ነገርኳት።

እንግዲህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ለአዝካራው ከምታሰናዱት ምግብ ጋር አንድ ገጽ ጽሑፍ ጨምሩ። «ደግ ነበረች፣ እንግዳ ተቀባይ ነበረች» ብቻ አትበሉ፤ ይሄ ለሁሉም ይባላል። ከየትኛው መንደር እንደሆነች፣ የምትጠጣው ውሃ ከየትኛው ወንዝ እንደነበር፣ ማን እንዳስተማራት፣ እሷስ እነማንን እንዳስተማረች ጻፉ። ትምህርት ቤት ያልረገጠችውም እናት አስተማሪ ናት። ሸክላውን መጠፍጠፍ፣ ስፌቱን፣ ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ የሰንበትን ምግብ አድርሶ እሳቱን ማጥፋት፣ ከማን ተማራችሁት?

መጻፍ የከበዳችሁ ተናገሩት፤ የልጅ ልጅ በስልኩ ይቅረጸው፣ በዕብራይስጥም ያውጣው። ሲያወጣው «ይሄ ምን ማለት ነው?» እያለ ይጠይቃችኋል። ያን ጊዜ እናንተም አስተማሪ ሆናችሁ ማለት ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አባቶቻችን።

እናቱ በሕይወት ያለችለት ደግሞ ዓመቷን አይጠብቅ። ለሰንበት ሲሄድ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ይሂድ፣ ከቡናው ቀጥሎ «እማ፣ ልጅ ሳለሽ ምን ትሠሪ ነበር?» ብሎ ይጀምር።

ሰላም ሰንብቱ።